ለመምህሩ ያልነገርኩት የጀርባ ሕመም

ኳስ ተጫዋች ተማሪ ሁለት ነገር ይዋሻል፤ ዕድሜውንና ሕመሙን። ዕድሜውን የዋሸ ከታናናሾቹ ጋር ተጫውቶ፣ ጎል አግብቶ፣ ተጨብጭቦለት ያልፍለታል። ሕመሙን የዋሸ ግን እንደ እኔ ስምንት ወር ሙሉ የጣራ እንጨት ሲቆጥር ይከርማል። ይህን የምጽፈው ውድድር ሊጀመር ሲል "ምንም አይለኝም" ለሚሉ ልጆች ነው። እኔም ብዬ ነበር። ምን እንዳመጣብኝና በማን ላይ እንዳመጣሁት ልንገራችሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ ከግንቡ በስተውስጥ ነው። አባቴ መኪና ግርግር በሚባለው፣ የልብስ ስፌት መኪና ሲንጫጫ በሚውልበት መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ነበር። አስራ አንደኛ ክፍል ስገባ የትምህርት ቤታችን የፊት ተጫዋች ነበርኩ። ራስን ማሞገስ አይሁንብኝና በጭንቅላት በሚመታ ኳስ የሚደርስብኝ አልነበረም። ዘልዬ፣ ጀርባዬን ወደ ኋላ ለጥጬ ነው የምመታው። ያ መለጠጥ ነው ኋላ ጉድ ያደረገኝ።

ሕመሙ የጀመረኝ ክረምት ላይ ነው። ጎንበስ ስል ደህና ነኝ፤ ቀና ስል ከቀበቶዬ ላይ አንዲት ቦታ፣ በአውራ ጣት የምትሸፈን ቦታ፣ ወጋ ታደርገኛለች። ሁለት ቀን ካረፍኩ ትጠፋለች፤ ከተጫወትኩ ትመለሳለች። "ብርድ ነው" አልኩ። በእኛ አገር ስሙ ያልታወቀ ሕመም ሁሉ ብርድ ነው። እህቴ ፈቲያ በሰሊጥ ዘይት ታሸኝ ነበር፤ "የሽማግሌ ወገብ ይዘህ ኳስ ትጫወታለህ" እያለች ትስቅብኛለች። ለእናታችን እንዳትነግር አስምዬያት ነበር።

ጫትም ነበረ። የሐረር ልጅ ጫት አላየሁም ቢል ማንም አያምነውም። እኛ ተማሪዎች ለፈተና ስናጠና በድብቅ እንቅም ነበር፤ መምህራን ካወቁ ደግሞ ያባርሩናል። አንድ ቀን ቅሜ ወደ ልምምድ ስሄድ ሕመሙ እንደሌለ አወቅሁ። ነበር እንጂ፣ የሌላ ሰው ሕመም መሰለኝ። ከዚያ ወዲያ ከልምምድ በፊት ጥቂት ቀንበጥ ሳልቀጥፍ አልወጣም። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

የስፖርት መምህራችን መምህር ተስፋዬ ከመሀል አገር የመጡ ቁጡ ሰው ነበሩ። ከሁሉ የሚለዩበት አንድ ልማድ ነበራቸው። ሌላው አሰልጣኝ ወጌሻ የሚጠራው ተጫዋች ወድቆ ሲጮህ ነው፤ እሳቸው ግን ውድድር ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ያስጠሩና ተጫዋቹን ሁሉ ያስፈትሻሉ። "ከተሰበረ ወዲያማ ማንም ያውቀዋል፤ ሳይሰበር የሚያውቅ ነው የምፈልገው" ይሉ ነበር።

ያ ሳይሰበር የሚያውቅ ሰው ኦቦ ኢብሮ ነበሩ። ሐኪም ጋራ በሚባለው ተራራ ላይ ማሽላ የሚያርሱ፣ ጢማቸውን በሂና የሚያቀሉ ሽማግሌ ናቸው። የወለቀ ይመልሳሉ፣ የተሰበረ ያስራሉ፤ ከሁሉ በላይ ግን አውራ ጣታቸው ነው። ከኤረር በር አጠገብ፣ በግንቡ ጥላ ሥር ጆንያ ያነጥፋሉ። ተጫዋቹ በሆዱ ይተኛል። አውራ ጣታቸውን ከማጅራቱ ጀምረው አጥንት በአጥንት እየተጫኑ እስከ ወገቡ ይወርዳሉ፣ ከዚያ ጉልበት፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚት። "ይሄ ይጫወት፤ ይሄ አንድ ሳምንት ይረፍ፤ የዚህን ጉልበት በየማታው በሙቅ ውሃ እሹት" ይላሉ። መምህር ተስፋዬ መዝገብ ይዘው ይጽፋሉ፤ ኦቦ ኢብሮ ይረፍ ያሉት ልጅ ቢያለቅስም አይጫወትም።

ችግሩ ኦቦ ኢብሮ አማርኛ የሚያውቁት ለገበያ ያህል ነው፤ መምህር ተስፋዬ ደግሞ ኦሮምኛ ጨርሶ አያውቁም። እኛ የጀጎል ልጆች በቤት ሐረሪኛ፣ በገበያ ኦሮምኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ ነን። ስለዚህ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ አፌ ቀልጣፋ ስለነበር በየዓመቱ የምመረጠው እኔ ነበርኩ። የሃያ ልጅ ዕጣ በአንድ አፍ ያልፋል፤ ያ አፍ የእኔ ነው።

የዚያ ዓመት ውድድር ለእኔ ሌላ ነበር። ከየትምህርት ቤቱ ተመርጦ የጠቅላይ ግዛቱን ቡድን የሚሞላ ልጅ ይፈለግ ነበርና ስሜ ተነሥቶ ነበር። አንድ ሳምንት ይረፍ ከተባልኩ ስሜ ይጠፋል። ስለዚህ በፍተሻው ቀን ከጠዋት ጀምሬ ቃምኩ፤ ፈቲያን ለምኜ ወገቤን በሞቀ ዘይት አሳሸሁ። ኦቦ ኢብሮም ራሳቸው ሲቅሙ የዋሉ ስለነበር የእኔ አልሸተታቸውም።

ሁሉን አስተርጉሜ ስጨርስ ተራዬ ደረሰ፤ ጆንያው ላይ ተኛሁ። አውራ ጣታቸው ወርዶ ወርዶ ያቺ ቦታ ላይ ቆመ።

"እዚህ ያምሃል?"

"አያምም።"

"እዚህስ?"

"ምንም አይለኝም፣ ኦቦ።"

ጣታቸውን አላነሱም። እንደገና ተጫኑ። "ጀርባህ አይናገርም" አሉ። "የሰው ጀርባ ሲነኩት ይደነግጣል፣ ይሸሻል፣ ይቆጣል። ያንተ ዝም አለ። እኔ ዝም ያለ ጀርባ አላምንም። ነገ ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ና፣ እዚሁ እጠብቅሃለሁ። እስከዚያ ኳስ እንዳትነካ።" ይህን ብለው እጃቸውን ሊታጠቡ ወደ ውሃው ሄዱ።

"ምን አሉ?" አሉ መምህር ተስፋዬ፣ እርሳሳቸውን አዘጋጅተው።

"ጤነኛ ነው አሉ" አልኩ።

ጻፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን ቃል ስንት ጊዜ መልሼ ልዋጣት እንደተመኘሁ አላህ ያውቃል።

በማግስቱ አልሄድኩም። የመጀመሪያው ጨዋታ ከአንድ ቀን በኋላ ነበር፤ ሳልቅም አልወጣሁም። ከዕረፍት በኋላ ከማዕዘን የተሻማ ኳስ መጣ፤ ዘለልኩ፣ ተለጠጥኩ፣ መታሁት። ገብቷል አሉኝ፤ እኔ አላየሁትም። መሬት ስደርስ ወገቤ ውስጥ ቋ ያለ ነገር ሰማሁና ሁለት እግሬ ከዳኝ። ከአንድ ሱቅ በር ነቅለው በበሩ ላይ ተሸክመው ቤት አስገቡኝ።

እናቴ ደረቷን እየመታች "ማን ነካህ ልጄ? ማን ነካህ?" አለች። ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። ከመሃላቸው አንዱ "ያ የሐኪም ጋራ ወጌሻ ከትናንት ወዲያ ጀርባው ላይ ሲወጣበት አይቻለሁ" አለ። ወጥተውብኝ አልነበረም። አባቴ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ "ከዚያ ቀን በፊት አሞህ ያውቃል?" ብሎ ጠየቀኝ።

ጫቱ ትዝ አለኝ፤ መባረሩ ትዝ አለኝ፤ ያቺ ቃል ትዝ አለችኝ። "አያውቅም፣ አባ" አልኩ።

አባቴ በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዶ ጮኸ። ከዚያ ኤረር በር ወርዶ በገበያተኛው ፊት ኦቦ ኢብሮን "ልጄን ሰበርከው!" አላቸው። ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ መለሱ አሉ፤ "ነገ ና ብዬው ነበር፤ እስከ ረፋድ ጠበቅሁት። ጠይቀው።" አባቴ፣ አላህ ይስጠውና፣ እውነትም መጥቶ ጠየቀኝ።

"ነገ ና ብለውህ ነበር?"

"አላሉኝም" አልኩት።

የመጀመሪያው ውሸት ከፍርሃት ነበር። ይሄኛው የመጀመሪያውን ለመጠበቅ ነው፤ ስለዚህ ይከፋል። ከዚያ ወዲያ ኦቦ ኢብሮ በትምህርት ቤቱ በር እንዳያልፉ ተከለከሉ። የልጁ አጥንት የወለቀበት ሰው ሁሉ ሌላ ወጌሻ ይፈልግ ጀመር።

አሁን ስለ ሕክምናው ልንገራችሁ። መጀመሪያ የታየሁት ከቤታችን ብዙ በማይርቅ ክሊኒክ በሚሠራ ድሬሰር፣ በሐኪም ረዳት፣ ነው። "መቼ ጀመረህ?" አለኝ፤ "ከወደቅሁ ወዲህ" አልኩት። "ኩላሊት ነው፤ ስትወድቅ ተመቷል" አለና ለአስራ አምስት ቀን መርፌ አዘዘ። መቀመጫዬ ወንፊት ሆነ፤ ጀርባዬ ግን እንዳለ ነበር። እናቴ ዓይን ነው ብላ ሼኽ አስመጣች፤ ቁርኣን ተቀራብኝ፣ ጥቁር አዝሙድ በማር ዋጥኩ። ዱዓው ልቤን አሳረፈው። ግን ዋሽቼ የተኛሁ ሰው ነኝና ዱዓው ሲደረግ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ከሼኹ ዓይን እንዳይገጥም።

ሦስተኛው ወር ላይ እግሬ ይደነዝዝ ጀመር። ሌላ ክሊኒክ ወሰዱኝ። እዚያ ያለው ሰው ጀርባዬን ነካ ነካ አድርጎ፣ አባቴን ወደ ውጭ ጠርቶ አነጋገረው። አባቴ ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። "የአከርካሪ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል ብሎኛል" አለን። ሳንባን የሚበላው በሽታ አጥንት ውስጥ ሲገባ ማለት ነው። ጤነኛ የነበረ ጀርባ በአንድ ቀን እንዲህ አይሆንም፤ ሥር የሰደደ ነገር አለበት ብሎ ነው የገመተው። ልክ ነበር፤ ሥሩን ግን የደበቅሁት እኔ ነኝ።

ነቀርሳ የሚለው ቃል ከእኛ ቀድሞ ሰፈር ገባ። ሐረር ውስጥ አፎቻ የሚባል የጎረቤት ማኅበር አለ፤ ሲሞት የሚቀብር፣ ሲታመም የሚጠይቅ፣ ሲዳር የሚያጅብ። የእናቴ አፎቻ ሴቶች በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበው ይጠይቁኝ ነበር። ከዚያ ወሬ በኋላ እየሳሱ ሄዱ። የሚመጡትም ሻይ አይጠጡም። የእኔ ሲኒ ተለይታ ተቀመጠች። የፈቲያ ሠርግ ለረቢዕ ወር ተቆርጦ ነበር፤ የሙሽራው ወገን "ትንሽ ይቆይ" ብለው ላኩ። ፈቲያ የድሮ ሕመሜን እያወቀች በመሐላዋ ታስራ ለማንም አልተናገረችም፤ በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሰሃኖች አውርዳ ስትወለውል፣ መልሳ ስትሰቅል ትውላለች። ለሠርጓ ነበር የምትወለውላቸው።

ሰው እንዳያየኝ ከትልቁ ክፍል አውጡኝ አልኩ። በቤታችን ጎን ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚቀመጡባት ጠባብ ጓዳ አለች፤ እዚያ አስገቡኝ። መስኮቷ በእጅ መዳፍ ይለካል። ጣራዋ ላይ አርባ ሦስት እንጨት አለ። ከግራ ብትቆጥሩት አርባ ሦስት፣ ከቀኝም አርባ ሦስት። መዞር አልችልም፤ ስዞር ጩቤ ነው። ሽንት ቤት በእናቴ ትከሻ ነው። የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ ነኝ፤ አፈርኩ፣ ከማፈር ብዛት ውሃ መጠጣት ቀነስኩ። ከውጭ በጠባቡ መንገድ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ኳሱ የጓዳዬን ግድግዳ ሲመታው ራሴ ጋ ይሰማኛል። አንዳንድ ቀን "ሂዱ ከዚህ!" ብዬ እጮሃለሁ፤ ሲሄዱ ደግሞ ተመልሰው እንዲመጡ እመኛለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ከጓዳዋ ይልቅ የታሰርኩት በራሴ አፍ ነበር። መውጫው አንድ ቃል ነው፤ ያቺን ቃል ካልኩ የአባቴ ፊት አለ።

አንድ ቀን ከአስር ሰዓት በኋላ በራችን ላይ "አሰላሙ ዓለይኩም" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ኦቦ ኢብሮ ነበሩ። አባቴ ሱቅ ነው። እናቴ በሩን ይዛ ቆመች፤ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣን ሰው መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። አስገባቻቸው፤ ግን ብዙ አልራቀችም።

በትንሽ ቅል ወተት ይዘው ነበር። ከጓዳዬ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ተጠርቶ እንደ መጣ እንግዳ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው ጠየቅኋቸው፤ መለሱልኝ። እናቴ ቅሉን ልትገለብጥ ወጣ ስትል ዝቅ ባለ ድምፅ አነጋገሩኝ።

"ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ነገ ና ማለቴን እኔም አንተም እናውቃለን። ስለ እሱ አልመጣሁም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እኔ ከመንካቴ በፊት ያምህ ነበር?"

የጣራውን እንጨት መቁጠር ጀመርኩ።

"እኔ ሰው መንካት ትቻለሁ" አሉ። "አባትህ ስለ ጮኸ አይደለም። አርባ ዓመት በዚህ ጣት ስሠራ ሰው ሰብሬ አላውቅም። አሁን ግን አርጅቻለሁ፤ ጣቴ ሳይሰማኝ በርትቶብህ እንደሆነስ? ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ክንዷ ወልቆ እያለቀሰች አመጧት። እጄ ተንቀጠቀጠ። ለሌላ ሰጠኋት።" ይህን ሲሉ ሁለት እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር አስገብተው ነበር።

እናቴ ተመለሰች። ሽማግሌው አሁንም ዓይናቸውን ከእኔ አላነሱም። "አላውቅም፣ ኦቦ" አልኩ። የሰነፍ መልስ ነው፤ ውሸትም አይደለም፣ እውነትም አይደለም። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "አላህ ያሽርህ" ብለው ተነሡ። ሲወጡ እንኳ እጃቸውን አላወጡም። ወተቱን ልጠጣው አልቻልኩም።

በሳምንቱ አባቴ ከግንቡ ውጭ ወዳለው ትልቁ ሆስፒታል ወሰደኝ። ሰዉ ከንጋት ጀምሮ ተሰልፏል። እኔ በቃሬዛ መሬት ላይ ስለተጋደምኩ የማየው እግር ብቻ ነው፤ ባዶ እግር፣ ሸበጥ፣ የወታደር ጫማ። ከጎኔ ከገጠር የመጣች እናት ልጇን አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ፀሐዩ ሲበረታብኝ ምንም ሳትል ነጠላዋን ዘርግታ በአንድ እጇ አስጠለለችኝ። ክንዷ ሲደክም ትቀይረዋለች። ስሟን አልጠየቅሁም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፤ አንድ ድሬሰር ያስተረጉምለታል። ራጅ አነሡኝ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃን ይዞ ብዙ አየ። "ከፊት ለፊት ሲታይ ግልጽ አይደለም ይላል" አለ ድሬሰሩ። "ነቀርሳ ከሆነ አዲስ አበባ ይላካል፤ እዚያ ዓመት ያህል ይተኛል፣ በየቀኑ መርፌ ይወጋል። መቼ ነው የጀመረህ? ድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ?"

አባቴ ቀድሞ "ወጌሻ ሰብሮት ነው፤ ከዚያ በፊት ጤነኛ ነበር" አለ።

ድሬሰሩ ሊተረጉም አፉን ሲከፍት አየሁት። ከኤረር በር ጥላ ሥር የነበርኩት እኔ በዚያች አፍታ ምን እንደመሰልኩ ገባኝ። አሁን የእኔ ነፍስ በሌላ ሰው አፍ ላይ ነው። የሽማግሌው እጅ ከጋቢ ሥር ሆኖ ታየኝ።

"አይደለም!" አልኩ። "ወንድሜ፣ አንዲት ቃል ሳትቀንስ ንገርልኝ። ከክረምት ጀምሮ ያመኝ ነበር። ቀና ስል፣ ወደ ኋላ ስለጠጥ ያመኛል፤ ሳርፍ ይተወኛል። እንዳይሰማኝ ጫት እቅም ነበር። ወጌሻው አልሰበሩኝም። ነገ ተመለስ፣ ኳስ አትንካ አሉኝ፤ እኔ ለመምህሬ ጤነኛ ነው አሉ ብዬ አስተረጎምኩ።" አባቴን ላየው ፈራሁ። ድሬሰሩ አንድ ባንድ ሲናገር ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ የጻፈውን ሰረዘ።

በጎን አስተኝተው፣ አዘንብለው እንደገና ራጅ አነሡኝ። በዚህኛው ታየ። ከታች ባለው የአከርካሪ አጥንት ላይ ስንጥቅ ነበር። "በአንድ ቀን የተሰበረ አይደለም ይላል" አለ ድሬሰሩ። "ብረት ሽቦ ደጋግመህ ስታጥፈው እንደሚሰነጠቅ ነው። በወጣት ስፖርተኛ ላይ የሚታይ ነገር ነው። ነቀርሳ አይደለም። ያኔ ሲጀምርህ ሁለት ወር ብታርፍ ኖሮ ይገጥም ነበር ይላል።" ከብብቴ እስከ ዳሌዬ በጀሶ ጠቀለሉኝ፤ ሦስት ወር።

በጋሪ ስንመለስ አባቴ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። መትቶኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር፤ ግን ጀሶ የለበሰ ሰው የት ይመታል? ቤታችን ልንደርስ ስንል፣ "የሰው ስም ቀድጄ መጥቻለሁ" አለ። "የቀደድኩትን እኔ እሰፋለሁ። አንተም ስትቆም ያንተን ትሰፋለህ።" በሚቀጥለው የገበያ ቀን ኤረር በር ወርዶ፣ በጮኸበት ቦታ ቆሞ፣ በዚያው ድምፅ "ኦቦ ኢብሮ ልጄን አልሰበሩም፤ ልጄ ዋሽቶኛል" ብሎ ተናገረ። ራሱ የሰፋላቸውን ካፖርት ትከሻቸው ላይ ደረበላቸው። ሰዎች እንደነገሩኝ ሽማግሌው ካፖርቱን ተቀበሉ፤ ሰው መንካት ግን ገና አልጀመሩም ነበር።

ስለ ጀሶ ጥሩ የሚነግራችሁ ሰው ካለ አትመኑት። ቀን ሙቀቱ ያፍናል፤ ሲያሳክክ ማከክ አይቻልም። ፈቲያ ለስፌት የምትቆርጠውን ረጅም አክርማ በጀሶውና በቆዳዬ መሃል እያስገባች ታክልኝ ነበር። ሲኒዬ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለች፣ የአፎቻ ሴቶችም ተመለሱ፤ የሙሽራው ወገን አዲስ ቀን ቆረጡ። የቡድኑ ልጆች ጓዳዋን ስለሚያውቁ "ሙሽሪት እንዴት ዋለች?" እያሉ ይገቡ ነበር። ፈቲያ ደግሞ "ቶሎ ውጣልኝ፣ ተራዬ ነው" ትለኛለች። መምህር ተስፋዬም ሊጠይቁኝ መጡ። ሲነሡ፣ "እኔም አንድ አስተርጓሚ ብቻ ማመን አልነበረብኝም" አሉኝ። አላባረሩኝም። ኳሱ አሁንም ግድግዳውን ይመታል፤ ጀሶው ውስጥ ሆኜ እቆጥረዋለሁ። አሁንም እታፈናለሁ፣ ግን መቼ እንደምወጣ አውቃለሁ። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ትንሽ አይደለም።

ጀሶው በመቀስ ተቆርጦ ሲወልቅ ከሥሩ የወጣው የእኔ ገላ አልመሰለኝም፤ ቀጭን፣ ነጭ፣ የሚሸት ነበር። ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ መንገዱ ጫፍ መሄድ እስክችል አንድ ወር ፈጀብኝ። ያኔ ከዘራ ይዤ፣ በየድንጋዩ እያረፍኩ ሐኪም ጋራ ወጣሁ። ኦቦ ኢብሮ ማሽላቸው ውስጥ ነበሩ። ሲያዩኝ አረማቸውን ጥለው መጡ።

"ኦቦ፣ ከእርስዎ በፊት ያመኝ ነበር" አልኳቸው። "ከክረምት ጀምሮ። ቅሜም ነበር። እጅዎ ምንም አላደረገኝም። አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

እጃቸውን ከአፈሩ አራገፉ። ከዚያ "ዙር" አሉኝ።

ዞርኩ። ሸሚዜን ወደ ላይ አነሡ። መጀመሪያ ጣታቸው ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ፤ ከማጅራቴ ጀምሮ እየወረደ ሲሄድ መንቀጥቀጡ ቆመ። ያቺ ቦታ ላይ ደረሰና ተጫነ።

"ያምሃል?"

"ትንሽ ያመኛል።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ። "ተናገረ።" ሁለታችንም አለቀስን፤ ለምን እደብቃለሁ።

ኳስ ተውኩ። ሐኪሙም ኦቦ ኢብሮም እንደ ተማከሩ ሁሉ አንድ ነገር ነው ያሉኝ፤ መሄድ፣ መሥራት፣ ሸክም መቀነስ፣ መዝለል የለም። የጠቅላይ ግዛቱ ቡድን ውስጥ ሌላ ልጅ ገባ። ቀንቼበታለሁ፤ አሁንም ትንሽ እቀናለሁ።

በሚቀጥለው ዓመት መምህር ተስፋዬ ኦቦ ኢብሮን ራሳቸው ሄደው ለምነው አመጧቸው። አስተርጓሚ ማን ይሁን ሲባል ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ እኔ ጠቆሙ። መምህሩ አመነቱ። "አንዴ የዋሸበትን ቦታ ሰው አይረሳውም" አሉ ኦቦ ኢብሮ፤ ይህንንም ራሴ አስተረጎምኩት፣ እያፈርኩ። አንድ አዲስ ሕግ ብቻ ጨመሩ፤ ጀርባ ከመነካቱ በፊት ምላስ ይታያል። አረንጓዴ ምላስ ያለው ነገ ይመለሳል።

ያን ቀን ጆንያው ላይ ከተኙት መሃል የእኔን ቦታ የወረሰው የፊት ተጫዋች ነበረ። ምላሱ ንጹህ ነው። ኦቦ ኢብሮ ከወገቡ ላይ ቆሙ፤ ልጁ ከንፈሩን ነከሰ። "ይሄ ሁለት ወር ኳስ አይንካ" አሉ። ልጁ ቀና ብሎ፣ ሁለቱም እንዳይሰሙት በሐረሪኛ "ጤነኛ ነው በልልኝ፣ ወንድሜ፣ በአላህ" ብሎ ለመነኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ያን ዓይን አውቀዋለሁ፤ የእኔ ነበር።

መምህር ተስፋዬ እርሳሳቸውን ይዘው "ምን አሉ?" አሉ።

"ሁለት ወር ኳስ አይንካ ይላሉ" አልኩ።

ያ ልጅ ዓመት ሙሉ ሰላም አላለኝም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ፊቱን አዙሮ በሩጫ ያልፈኛል። ሰዎች "ምን አድርገኸው ነው?" ይሉኛል። እኔ ከዘራዬን ተደግፌ ቆሜ፣ ሲሮጥ ጀርባውን አየዋለሁ።